ቤዝ ለትንሽ መኪና፦ የአንዲት የጅማ ቪትዝ ጉዳይ

መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ከተመረቱት፣ የመጀመሪያው ትውልድ ከሚባሉት አንዷ። ሞተሯ 1.0 ሊትር ነው። ባለቤቷ ጅማ የሚሠራ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አጋሮ ወላጆቹ ዘንድ ይሄዳል። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ መንገድ የሙዚቃ ሰዓቱ ነው። የቤዝ ጊታሩ መስመር ተለይቶ ካልተሰማው ዘፈን የሰማ አይመስለውም።

ወደ እኔ የመጣው ግን ሙዚቃ ለማስገጠም አልነበረም። ሙዚቃው ተገጥሞ ነበር። ከወራት በፊት ሌላ ቦታ 12 ኢንች ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) እና ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ) አስገብቷል። የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ተመሳሳይ አሠራር በብዙ መኪና ላይ አይቻለሁ። ቅሬታው አራት ነበር። ማታ ከበሮው በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። ነዳጅ ሲረግጥ ስፒከሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይነሳል፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ኋላ ያለው የዕቃ ቦታ በሳጥኑ ተሞልቶ የልጆቹ ቦርሳ እንኳ አይገባም። አራተኛውን የነገረኝ በንዴት ነው። «ቤዙ በሁሉም ዘፈን ላይ አንድ ዓይነት ነው። ድው፣ ድው፣ ድው። ጊታሩ የት እንዳለ አላውቅም።»

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው። ሰው ገንዘቡን ካርቶኑ ላይ ለተጻፈው የዋት ቁጥር ያፈሳል፤ ለሽቦና ለፊውዝ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል። በትንሽ መኪና ግን ድምፁ በርካሽ ይገኛል። ጥንቃቄና ገንዘብ የሚፈልገው ኤሌክትሪኩ ነው።

ከፍተን ያየነው

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፈትን። ከባትሪው ፖዘቲቭ የተነሳ ቀይ ሽቦ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የለም። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ ይበቃል ተብሎ ተትቷል። አይበቃም! የአምፑ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ነው። ከባትሪ እስከ ኋላ ያለውን አምስት ሜትር ሽቦ የሚጠብቀው ባትሪው ጋ ያለው ፊውዝ ብቻ ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ላሜራ ከነካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እሳት ነው። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚች መኪና ላይ አደጋው ሩቅ አልነበረም። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነበር፤ ውጭ ሲሸጥ በአብዛኛው ያሪስ ይባል ነበር። ስለዚህ ቪትዝ ከፋብሪካ ሲወጣ መሪው በቀኝ ነው። እኛ አገር የምናያቸው መሪያቸው ወደ ግራ የዞረላቸው ናቸው። በዚች መኪና የድሮው የመሪ ዘንግ ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በተቆረጠ ላሜራ ተደፍኗል። ቀዩ ሽቦ የገባው በዚያ ላሜራ ጠርዝ በኩል ነው፤ የጎማ ቀለበት እንኳ አልተደረገለትም። ጠርዙ ፕላስቲኩን ግማሽ ድረስ በልቶታል። የጅማ መንገድ ላይ ትንሽ ጊዜ ቢጨመርለት ኖሮ ይጨርሰው ነበር። ባለመኪናው ይህን ሲያይ ስለ ድምፁ መጠየቁን ተወ። ልጆቹ የሚቀመጡት ያ ሽቦ በሚያልፍበት ወንበር ላይ ነው።

መሪው የዞረ መኪና ካላችሁ፣ ሽቦ ከማስገባታችሁ በፊት ዳሽቦርዱ ስር በባትሪ መብራት አጥርታችሁ እዩ። የፋብሪካው ቀዳዳ የት እንደሆነና የተጨመረው የት እንደሆነ ለዩ።

ቀጥሎ ሽቦውን ቆረጥን። ከውጭ ሲታይ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል። ውስጡ ግን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ክሮቹን በቢላ ስንፍቃቸው ከላይ የመዳብ ቀለም፣ ከስር ብርማ ወጡ። በመዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ውፍረት የሚባክነው ቮልት ይበዛል። ሱቅ ላይ ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መፋቅ ነው። ሌላው መመዘን ነው፤ መዳብ ከአልሙኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። እጅ ላይ ቅል ያለ «ወፍራም» ሽቦ አትግዙ።

ከዚያ ቴስተር አውጥተን ለካን። ሞተሩ እየሠራ፣ ቤዙ ከፍ ብሎ፣ ባትሪው ላይ 13.5 ቮልት አለ። አምፑ ላይ 11.9 ነው። 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ በየክፍሉ ፈለግን። በቀዩ ሽቦ ላይ 0.8 ጠፍቷል። ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ) የታሰረው የወንበር ብሎን ላይ ነበር፤ ከስሩ ቀለም አለ፣ እዚያ 0.3 ጠፍቷል። የቀረው 0.5 ያስገረመን ቦታ ተገኘ። ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የፋብሪካው የማሳ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል።

የመብራቱ ነገር የተፈታው እዚህ ላይ ነው። የፊት መብራቱም አምፑም ወደ ባትሪው የሚመለሱት በዚያው ገመድ በኩል ነው። አምፑ 30 አምፔር በሳበ ቁጥር በዛገው ጫፍ ላይ ቮልት ይወርዳል፣ መብራቱም አብሮ ይወርዳል። ቀዩ ሽቦ ብቻ ቢቀየር ኖሮ ቤዙ ይጠነክራል፤ መብራቱ ግን መደብዘዙን አይተውም።

ባለመኪናው ለዚህ ችግር ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) እንዲገዛ ተመክሮ ነበር። ባለ 1 ፋራድ፣ ዲጂታል ቁጥር የሚያበራው ዓይነት። ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 13 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል 13.5 ጁል ነው። አምፑ ሲጠነክር በሰከንድ 400 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ካፓሲተሩ የሚያግዘው ለ0.03 ሰከንድ ብቻ ነው። አንድ የከበሮ ምት እንኳ ከዚያ ይረዝማል። ገንዘቡ ለሽቦው ዋለ።

አምፑ ላይ «1500 ዋት» ተጽፏል። እውነተኛውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን ፊውዝ ማየት ይበቃል። 30 አምፔር ነው። 30 በ13.8 ሲባዛ 414 ዋት ይሆናል፤ ከባትሪ የሚወስደው ማለት ነው። ይህ አምፕ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ከሚወስደው 60 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ይቀይራል፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 250 ዋት ገደማ ነው። ባለመኪናው ትንሽ ከፋው። እኔ ግን ለቪትዝ 250 እውነተኛ ዋት ብዙ ነው እላለሁ። አምፑ ጤነኛ ስለነበር አልቀየርነውም።

ሳጥኑና ክፍሉ

አሮጌው ሳጥን ከችፕውድ የተሠራ፣ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለ ሳጥን የሚሠራው ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው ነው፤ የራሱ የሆነ አንድ ድምፅ አለው፣ በዚያ ድምፅ ዙሪያ ይጠነክራል። የሳጥኑ ስፋትና የቀዳዳው ርዝመት ለስፒከሩ ተሰልቶ ከተሠራ ግሩም ነው። ሳይሰላ ከተሠራ የመጣው ዘፈን ሁሉ ወደዚያች አንድ ድምፅ ይጎተታል። የባለመኪናው «ድው፣ ድው» ይኸው ነው። በዚያ ላይ ጅማ እርጥብ አገር ነች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የሳጥኑ ስር ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

አዲሱን ሳጥን ስናስብ የተነሳነው ከመኪናው ነው። የድምፅ ሞገድ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። 40 ሄርዝ ላይ (በሰከንድ 40 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ) የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ነው። የቪትዝ ውስጥ ደግሞ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር 2.3 ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ መኪናው ውስጥ አይዘረጋም። ስፒከሩ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ታፍኖ ያለውን አየር ጨመቅ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ይህም ዝቅተኛውን ድምፅ ያጎላል። በዚች መኪና ይህ የሚጀምረው 75 ሄርዝ አካባቢ ነው። በስሌት ከዚያ በታች ሄርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር ጉልበቱ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨምራል። በተግባር በሮቹና ጣሪያው ስለሚንቀጠቀጡ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ብዙ ነው።

ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ደግሞ ከታች በኩል በዚያው መጠን ይደክማል፣ 12 ዴሲቤል። አንዱ የሚቀንሰውን ሌላው ይሞላል። ሳሎን ውስጥ ደካማ የሚመስል ትንሽ ዝግ ሳጥን ቪትዝ ውስጥ ሲገባ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ነገር ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ትንሽ መኪና ያለው ሰው ለቤዝ ሲባል ዕድለኛ ነው፤ ማንም አይነግረውም እንጂ።

ስለዚህ ባለ 10 ኢንች ስፒከር፣ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ እንቅፋቱ መጠን)፣ 250 ዋት አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚችለው) ተገዛ። ሳጥኑ ከውጭ 38 በ34 በ24 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 21.3 ሊትር ይይዛል። ስፒከሩ ራሱ የሚወስደው ሲቀነስ ወደ 20 ሊትር ይጠጋል። ያስገጠማችሁት አምፕ ሁለት ቻናሉ ተጣምሮ እንደ አንድ (በብሪጅ) የሚሠራ ከሆነ ስለ ኦሙ ተጠንቀቁ። ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ያለውን ስፒከር ጎን ለጎን ስታያይዙት 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አምፖች አይችሉትም።

ሳጥኑን የሠሩልን ሂርማታ አካባቢ ያሉ አንድ ትልቅ አናጺ ናቸው። ከኤምዲኤፍ እንዲሠሩልን ስንነግራቸው ደስ አላላቸውም።

«ልጄ፣ ጅማ ተቀምጠህ ዋንዛ ትተህ የተፈጨ እንጨት ትላለህ?»

«ጋሼ፣ የዋንዛን ውበት ማን ይክዳል? ግን ሳጥኑ አየር እንዳያሾልክ ነው» አላቸው ባለመኪናው።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ዋንዛ እንደማንኛውም ሙሉ እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። የሚያብጠውም ወደ ጎን ነው፣ ወደ ርዝመቱ አይደለም። ስድስት ፊት ያለው ዝግ ሳጥን ላይ ይህ መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል። ኤምዲኤፍ በርዝመቱም በወርዱም እኩል ነው፤ ጠላቱ በተቆረጠው ጠርዝ የሚገባ ውኃ ብቻ ነው። ጋሼ ዝም ብለው አሰቡና ከእኔ የተሻለ ሐሳብ አመጡ። ሳጥኑ ከኤምዲኤፍ ይሁን፤ ፊቱ ላይ ድምፅ የማይነካ ቀጭን የዋንዛ ክፈፍ ይለጠፍ። የተቆረጡትን ጠርዞች በሙሉ በውኃ የቀጠነ ኮላ ደጋግመው አጠጧቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፣ ከዚያ ቫርኒሽ ቀቡ። ሳጥኑ ከእነ ስፒከሩ 12 ኪሎ ገደማ መጣ። ከአሮጌው ግማሽ እንኳ አይሆንም።

አየር እንደማያሾልክ ያረጋገጥነው በዕጣን ጭስ ነው። ዝቅ ያለ 30 ሄርዝ ድምፅ ለቀቅንና ጭሱን በየመገጣጠሚያው አዞርን። አንድ ጥግ ላይ ጭሱ ዘለለ። ጋሼ ሲልከን ሞሉበትና አበቃ።

ገጠማው

ለቀዩ መስመር ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብዙ ክር ያለው የመዳብ ሽቦ ገዛን። በመኪና ሙዚቃ ሱቅ ከሚሸጠው ቀጭን ይመስላል፤ እውነተኛ መዳብ ስለሆነ ግን ይበልጠዋል። በአምስት ሜትር ላይ 30 አምፔር ሲያልፍበት የሚያጠፋው 0.2 ቮልት አይሞላም። የዚህ ሽቦ ልባስ ለሞተር ሙቀት የተሠራ ስላልሆነ፣ ኮፈን ስር ያለውን ክፍል በሙሉ በሽቦ መሸፈኛ ቱቦ ውስጥ አስገባነው። ባትሪው አጠገብ 40 አምፔር ፊውዝ ተቀመጠ። የገባው የፋብሪካው ሽቦዎች በሚገቡበት ቀዳዳ ነው፣ በጎማው በኩል።

ቀዩ ሽቦ በግራ በኩል፣ ከቴፑ ድምፁን የሚያመጣው የአርሲኤ ገመድ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ሄደ፣ ፉጨት እንዳይጋባበት። ለፉጨቱ ግን ዋናው መድኃኒት ማሳው ነው። የወንበሩን ብሎን ትተን ኋላ ባለው ወለል ላይ ጠንካራ ላሜራ መረጥን። ከመብሳታችን በፊት ከስር ገብተን አየን። የነዳጅ ታንኩና የፍሬን መስመሩ ያሉት ከስር ነው፣ እዚያ በግምት መብሳት የለም። ቀለሙን እስኪያበራ ድረስ ፍቀን በብሎንና በዳዶ አሰርን፣ ከላይ ደግሞ ዝገት እንዳይገባው ቀባነው። ሽቦው ከ40 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከፊት ደግሞ የዛገውን የባትሪ ገመድ አጸዳንና ሁለተኛ 16 ስኩዌር ገመድ ጨመርንለት። ከሞተሩ ወደ አካሉም አንድ አከልን። ፉጨቱ በዚያው ጠፋ።

አምፑን ከፊት ወንበር ስር ማድረግ ቀላል ነበር። እኔ ጅማ ውስጥ አላደርገውም። ከሰኔ እስከ መስከረም የወለሉ ምንጣፍ በጫማ ጭቃ ይርሳል። በዚያ ላይ ክላስ ኤቢ ይሞቃል፣ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ኋላ በቀኝ ግድግዳ፣ ከላሜራው በጣት ያህል ራቅ ባለ እንጨት ላይ ቆሞ ታሰረ። ሳጥኑ በግራ ጥግ፣ ፊቱን ወደ ኋላ በር አዙሮ ተቀመጠ። በወለሉ ላይ በሁለት ብረት ታስሯል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቪትዝ ውስጥ የዕቃ ቦታውና የልጆች ጭንቅላት መካከል ያለው የወንበር መደገፊያ ብቻ ነው። ያልታሰረ 12 ኪሎ ሳጥን በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራል።

ማስተካከያው

አምፑ ሲመጣ ጌይኑ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። ቤዝ ቡስት የሚባለው የቤዝ ማጎያ ደግሞ 12 ዴሲቤል ላይ ነበር። 3 ዴሲቤል ማለት የኃይል እጥፍ ነው፤ 12 ማለት 16 እጥፍ። 250 ዋት ያለው አምፕ ያንን ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ ድምፁን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ድምፅ የስፒከሩን ኮይል ያቃጥላል። ቡስቱን ዜሮ አደረግነው።

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። የቴፑንና የአምፑን ቮልት ማስማሚያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፒከሩን ንቀሉ። የ50 ሄርዝ ድምፅ ከስልክ ወይም ከፍላሽ አጫውቱ። የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት የስፒከር መውጫው ላይ አድርጋችሁ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። የምትፈልጉት ቁጥር የዋቱና የኦሙ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። 250 በ4 አንድ ሺህ ነው፣ ሩቱ 31.6 ቮልት። እኛ 28 ላይ አቆምን፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርና ዋይፐርም መብራትም በአንድ ላይ ሲሠሩ ቮልቱ ስለሚወርድ ትንሽ መተንፈሻ ተውንለት።

ከተወሰነ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ከሳብዉፈሩ የሚያስቀረው ፊልተር 150 ሄርዝ ላይ ነበር። ወደ 80 አወረድነው። 150 ላይ ሲሆን የወንድ ድምፅ ጭምር ከኋላ ይመጣል፤ 80 ላይ ሲሆን ቤዙ ከፊት የሚመጣ ይመስላል። የፌዝ ማብሪያውን (የስፒከሩን የመግፋትና የመሳብ ተራ የሚገለብጠውን) ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ኋላ ሆኜ እየቀያየርኩ፣ ጠግቦ በሚሰማው በኩል ተውነው። እሱም 180 ሆነ።

ከዚያ እንደገና ለካን። ባትሪው ላይ 13.6፣ አምፑ ላይ 13.2። መብራቱ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ሲዞር አሁንም ለዓይን የማያስታውቅ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ነዳጅ ሲነካ ቀጥ ይላል። ያ የዲናሞው አቅም ነው።

የቀረው መንቀጥቀጥ ነበር። የኋላው ታርጋ መጀመሪያ ጮኸ፤ ከጀርባው ቀጭን ስፖንጅ ተደረገለት። የኋላ በሩ የውስጥ ፕላስቲክም እንዲሁ። የበሩ ላሜራ ላይ የሚለጠፍ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ሲጨመር ድምፁ ይበልጥ ተሰበሰበ።

ባለመኪናው አጋሮ ደርሶ ሲመለስ ደወለ። የቤዝ ጊታሩን ጣት በጣት እየሰማው እንደሄደ ነገረኝ። ቦርሳዎቹም ከሳጥኑ አጠገብ ገብተዋል፤ ሲመለስ ወላጆቹ የሰጡትን ቡናም ጭኗል። እኔም አንድ ነገር አሳሰብኩት። ትንሿ ልጅ የምትቀመጠው በሳጥኑ በኩል ነው። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ከሆነ፣ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ይህም ለአዋቂ የሥራ ቦታ የወጣ ልክ ነው፤ ለልጅ ጆሮ ከዚያም በታች መሆን አለበት። ቴፑ ላይ የሳብዉፈሩ ድምፅ ለብቻው የሚቀነስበት ቦታ አለ፤ እሷ ስትኖር ዝቅ ያደርገዋል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መኪናዋን መልሶ አመጣት። የኋላው ማሳ ንጹሕ ነው። የባትሪው ገመድ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ዱቄት ጀምሯል፣ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ግሪስ ተቀባ። የፊውዝ መያዣው አንዱ ቪቴ ላልቷል፣ ጠበቀ። የሳጥኑ ስር ደረቅ ነው፤ የጋሼ ኮላ ሥራውን ሠርቷል። አሁን የፊት በር ስፒከሮቹን መቀየር ይፈልጋል። በመጀመሪያ በሮቹን የጎማ ምንጣፍ እንድናለብሳቸው ተስማምተናል፤ ስፒከሩ ከዚያ በኋላ ይገዛል።